ጋሽ ዓምሃ ክርስትና ያስነሱት ወጠጤ

ጋሽ ዓምሃ ቻይንኛ አይችሉም። ይህን ምስጢር ለሁለት ዓመት በሆዴ ይዤ የኖርኩት እኔ ሰልዋ ነኝ፤ ዛሬ ግን አደባባይ ስለወጣ ልናገረው። እንግሊዝኛቸውም ቢሆን ጎማ ላይ ከተጻፈው ቁጥርና ከተሠራበት አገር ስም አያልፍም። ያም ሆኖ ከሽሮ ሜዳ እስከ ዊንጌት ያለ ልጅ ሁሉ እሁድ ስምንት ሰዓት ላይ ፊልም በአማርኛ የሚሰማው ከእሳቸው አፍ ነው።

ቤቱ የኛ ነው። አባቴ ሸፊ ሽሮ ሜዳ ላይ ለሸማኔዎች ክር ይሸጣል። ከሱቁ ጀርባ ያለው ክፍል ድሮ የክር መጋዘን ነበር፤ አሁን አግዳሚ ወንበር ተደርድሮበት፣ ግድግዳው ላይ አቡጀዲ ተወጥሮበት ቪዲዮ ቤት ሆኗል። ላፕቶፑን የምከፍተው፣ ፕሮጀክተሩን የማስተካክለው፣ በሩን የምጠብቀውና «ዝም በሉ!» ብዬ የምጮኸው እኔ ነኝ። ጩኸቱን ማንም አይሰማኝም። ጋሽ ዓምሃ ግን ማይኩን አንዴ ጠቅ ጠቅ ሲያደርጉት መቶ ምናምን ልጅ ጸጥ ይላል። ይህ ነገር እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ተወልደው ያደጉት እዚሁ ጉለሌ ነው። ዕድሜያቸው ስልሳ ሦስት ነው፣ እሳቸው ግን «ስልሳ ገባሁ መሰለኝ» ይላሉ። በወጣትነታቸው የታክሲ ረዳት ነበሩ፤ ያን ድምፅ ያወጡት ከሽሮ ሜዳ ፒያሳ እየጮኹ ነው። አንድ ቀን የታክሲያቸው ጎማ ተነፈሰ። ጎሚስታው ዘንድ ወረፋ ሲጠብቁ ሥራ ፈትተው ጎን ያለ ቪዲዮ ቤት ገቡ። የካራቴ ፊልም ተከፍቷል፣ ተርጓሚው ሳይመጣ ቀርቷል፣ ሰዉ ያፏጫል። ዓምሃ ማይኩን አነሱና የሁሉንም ሰው አፍ ሆነው ፊልሙን ጨረሱት። ሲወጡ ታክሲዋ ያለ ረዳት ሄዳለች። «ጎማዋ ተሠርቶ እኔ ተበላሸሁ» ይላሉ ሲያወሩት፣ እየሳቁ።

አሁን ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ዊንጌት አካባቢ ራሳቸው ጎሚስታ ናቸው። ሚስታቸው ካረፉ ስድስት ዓመት ሆኗል፤ ልጅ አልወለዱም። እሁድ ጠዋት ቅዳሴ ያስቀድሳሉ፣ ምሳቸውን ቶሎ ይበሉና ነጠላቸውን ሳይቀይሩ እኛ ጋ ይመጣሉ። ከአቡጀዲው በስተግራ ያለችው የፕላስቲክ ወንበር የእሳቸው ናት። ማንም አይቀመጥባትም፣ አባቴም ጭምር። ያቺን ወንበር ቢያጡ እሁድ ከሰዓት የት እንደሚውሉ አላውቅም። እሳቸውም አያውቁትም፤ አንዴ ፕሮጀክተሩ ተበላሽቶ ሲቀር ሱቁ በር ላይ ቆመው እስከ አሥራ አንድ ሰዓት የሚያልፈውን ሰው ሲያዩ ዋሉ።

አሠራራቸውን ልንገራችሁ። ማይኩ እንዳይተፋበት የሕፃን ካልሲ ያለብሱታል። በቀኝ እጃቸው ማይክ፣ በግራ እጃቸው የድስት ክዳን። ሰው ሲመታ ክዳኑን በጉልበታቸው ጧ! ያደርጉታል። እርግጫ ሲሆን በአፋቸው ሽው ብለው ጧ! ቋንቋውን ካልቻሉ እንዴት ይተረጉማሉ የሚል ሰው ይኖራል። እኔም ጠይቄያቸው ነበር።

«ዓይን ዓይናቸውን ነው የማየው፣ ሰልዬ» አሉኝ። «የተናደደ አባት በየትኛውም አገር የሚናገረው ያው ነው። እ... ማለቴ፣ ትንሽ እዚህም እዚያም እጨምርበታለሁ እንጂ።»

ትንሽ! እዚህም እዚያም!

የዛሬ ሁለት ዓመት ስለ ሁለት የኩንግፉ ቤተሰቦች የሚናገር የካርቱን ፊልም መጣልን። በቻይንኛ ነው፣ ከሥር አንድም ጽሑፍ የለውም። በአንድ ሸለቆ ውስጥ ፍየሎች በወዲያኛው ማዶ፣ በጎች በወዲህኛው ማዶ ይኖራሉ፤ ሁለቱም ኩንግፉ ያስተምራሉ፣ ሁለቱም ይናናቃሉ። ፍየሎቹ በቀንድ ይዋጋሉ፤ በጎቹን ደግሞ ቢመቷቸው ቡጢው ጸጉራቸው ውስጥ ገብቶ ይቀራል። ጋሽ ዓምሃ ለሁሉም ስም አወጡላቸው። ትንሹን ፍየል ወጠጤ አሉት። የበጎቹን አለቃ አባ ጥጥ፣ ልጁን ደግሞ ባዘቶ አሏት፤ ሽሮ ሜዳ ተቀምጦ ሌላ ስም ከየት ይመጣል?

ፊልሙ መሀል ላይ ወጠጤ ወንዝ ውስጥ ይወድቃል። አባ ጥጥ ዘሎ ይገባና በሁለት እጁ ከፍ አድርጎ ያወጣዋል። የወጠጤ እናት ስታለቅስ ትታያለች፤ ከዚያ በኋላ ሁለቱ ቤተሰቦች አንድ ገበታ ላይ ይበላሉ። ለምን እንደታረቁ በቻይንኛ ተናግረዋል፣ እኛ ግን አልሰማንም። ጋሽ ዓምሃ ውኃውን አዩ፣ ልጁን ከውኃ የሚያወጡትን እጆች አዩ፣ የእናትየዋን ዕንባ አዩ። ያን ዕለት ጠዋት ደግሞ ክርስትና ላይ ነበሩ።

«እሰይ! አርባ ቀኑ ነው!» ብለው በማይኩ ጮኹ። «አባ ጥጥ ወጠጤን ክርስትና አነሳው! ከዛሬ ጀምሮ አበልጅ ሆነናል!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሳቁ ደግሞ ሰውየውን ያሰክራቸዋል፤ ከዚያ እስከ ፊልሙ መጨረሻ ወሬው ሁሉ አበልጅ ብቻ ሆነ። «አበልጄን የነካ እኔን ነካ!» ጧ! «ከአበልጄ ፊት ዞር በል!» ሽው፣ ጧ! በሳምንቱ ልጆቹ ሰፈር ውስጥ እግራቸውን አንስተው «አበልጄ!» እየተባባሉ ይራገጡ ጀመር። ሸማኔዎቹ ክር ሊገዙ ሲመጡ አባቴን «አበልጄ» ይሉት ገቡ፤ አባቴም ሳይገባው «አቤት» ይል ነበር። ፊልሙን እየደጋገምን ሃያ ጊዜ ያህል አሳየነው። የልጅ ልጆቻቸውን ይዘው የሚመጡት እማማ የዓለምወርቅ፣ እስከዚያች ትዕይንት ድረስ «በጎቹ በቀኝ ፍየሎቹ በግራ ነው የተባለው፣ ምን አንድ ላይ አስቀመጣቸው?» እያሉ የሚያጉረመርሙት፣ ክርስትናው ሲነሳ ደስ ብሏቸው አጨበጨቡ።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የጋሽ ዓምሃ ግን እያደር ከበደች።

ዘንድሮ ሁለተኛው ክፍል ወጣ። ፍላሹን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ሐሙስ ከሰዓት ጋሽ ዓምሃን ከጎሚስታቸው ጠርቼ ላፕቶፑ ላይ አብረን ልናየው ተቀመጥን። መጀመሪያ ያስደነገጠን ድምፁ ነው። ይኼኛው በእንግሊዝኛ ነው። እስከዛሬ የሚመጣልን የቻይናና የህንድ ነበር፣ የሚያውቅብን አልነበረም። አሁን ግን ከልጆቹ ግማሹ በእንግሊዝኛ የሚማር ነው።

«በቃ፣ ችግር የለውም» አሉ ጋሽ ዓምሃ፣ ችግር እንዳለው በሚያስታውቅ ድምፅ።

ወጠጤ አድጓል፤ ጺም አብቅሏል። ባዘቶም አድጋለች፣ በአንድ እርግጫ ግንድ ትጥላለች። አብረው ይለማመዳሉ፣ አብረው ተራራ ይወጣሉ፣ ይተያያሉ። መተያየቱ በዛ። ጋሽ ዓምሃ ወንበራቸው ላይ ይቁነጠነጡ ጀመር። ፊልሙ አንድ ሰዓት ከሩብ ሲሞላው ወጠጤ ተንበረከከና ቀለበት አወጣ።

«ዝጊው!» አሉ።

«ምነው?»

«ዝጊው አልኩሽ! ሊያገባት ነው!»

«ታዲያ ያግባታ!»

ራሳቸውን ይዘው ቁጭ አሉ። እኔ ሙስሊም ነኝ፣ አልገባኝም ነበር፤ እሳቸው ናቸው ያስረዱኝ። አባ ጥጥ ወጠጤን ክርስትና ካነሳው ወጠጤ የመንፈስ ልጁ ነው። ባዘቶ የሥጋ ልጁ ናት። ስለዚህ እህትና ወንድም ናቸው። አበልጅ አይጋባም፣ አለቀ። «እማማ የዓለምወርቅ ፊት ለፊት ነው የሚቀመጡት» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ እንደ ትልቅ ወንጀለኛ።

አባቴ ከሱቁ ገብቶ ሰማን። «እኛ ጋ አንድ ጡት የጠባ የጡት ወንድም እንደሚባለው ነው?» አለ።

«እሱን አስብ፣ ሸፊ።»

«አስተግፊሩላህ! ታዲያ እንዴት ይጋባሉ?» ካለ በኋላ ቆም ብሎ አሰበ። «ቆይ፣ ፍየልና በግ አይደሉም እንዴ?»

«አበልጅ ናቸው!»

«እኮ ማን አደረጋቸው?»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ያን ጊዜ ነው አባቴ፣ ሲያብሰለስለው የቆየ ይመስለኛል፣ ያን ነገር የተናገረው። በክፋት አልነበረም። «ዓምሃ፣ ዘንድሮ ልጁ ሁሉ እንግሊዝኛ ይሰማል። ፊልሙ በራሱ አፍ ይናገር ካሉ ምን ታደርጋለህ? ይቺን እሁድ ሞክራት። ሰዉ ካጉረመረመ ግን ወንበሯን አንስቼ በቦታዋ ትልቅ ስፒከር አስቀምጣለሁ፤ ቅር እንዳይልህ።»

«ምን ቅር ይለኛል» አሉ ጋሽ ዓምሃ። ነጠላ አልለበሱም እንጂ ነጠላቸውን የሚያስተካክሉ መስለው ትከሻቸውን ነካኩና ወጡ። አባቴን ለሁለት ቀን አኮረፍኩት።

ዓርብ መፍትሔ ይዤ ሄድኩ፤ ሠርጉን በላፕቶፕ ልቁረጠው አልኳቸው። ተቆጡ። ጎማውን አስቀምጠው «ሠርግ ተቆርጦ የት ይጣላል? ሰው ያየውን እተረጉማለሁ እንጂ ከሰው ዓይን አልሰርቅም!» አሉኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሲዋሹ የኖሩ ሰውዬ ናቸው እንግዲህ ይህን የሚሉኝ። ቅዳሜ ደግሞ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ንስሐ አባታቸው ዘንድ ሄዱ። ራሳቸው ናቸው ያወሩልኝ።

«አባቴ፣ አንድ በግ አንድን ፍየል ክርስትና ቢያነሳ፣ ፍየሉ የበጉን ልጅ ማግባት ይችላል?»

ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ያገኟቸው ቄስ ቆመው አዩዋቸው። «ዓምሃ፣ ደህና ነህ?»

«ፊልም ነው፣ አባቴ።»

«ፊልም ከሆነ ተወዋ!» ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ። ጥቂት ከሄዱ በኋላ ግን ተመለሱ። «አበልጅ ናቸው አልክ?»

«አዎ፣ አባቴ።»

«እንግዲያማ አይሆንም።»

በመጨረሻ የተስማማነው ሠርጉን ምርቃት ልናደርገው ነው። ወጠጤና ባዘቶ የኩንግፉ ትምህርታቸውን ጨርሰው ይመረቃሉ። ነጭ ልብሱ ያው የምርቃት ነው፤ ቀለበቱም ሽልማት ነው። ፍየል ወዲህ ቅዝምዝም ወዲያ እንደሚባለው መሆኑ ለሁለታችንም ገብቶናል፣ ግን ሌላ ምን ነበረን?

እሁድ ገና ሰባት ሰዓት ሳይሆን ወንበሩ ሞላ። በር ላይ ሁሉ ሰው ቆመ። እማማ የዓለምወርቅ ከሦስት የልጅ ልጆቻቸው ጋር ፊት ለፊት ተቀመጡ። «እንደምን ዋልክ፣ አበልጄ» አሏቸው ጋሽ ዓምሃን፣ እየሳቁ። ጋሽ ዓምሃ ላብ ላብ አላቸው። አባቴ እጁን አጣምሮ በሩ ጋ ቆመ።

መጀመሪያው ላይ ግሩም ነበሩ። ወጠጤ ሲያድግ ድምፁን ጎርነን አደረጉለት፤ ጺሙ ሾርባ ውስጥ ሲገባ «ይቺ ጺም ናት ወይስ ጭልፋ?» አሉ። ቤቱ ሳቀ። ክዳኑ ጧ ጧ አለ። እንግሊዝኛው ከሥር እየተሰማ እሳቸው ከላይ ሌላ ነገር ይናገራሉ፤ እኔ በየደቂቃው ልጆቹን አያለሁ፣ ልጆቹ ግን አቡጀዲውን ብቻ ያያሉ። እንዲያውም ያልፍልን ይሆናል ብዬ ነበር።

ከዚያ ወጠጤ ተንበረከከ።

«እነሆ፣ ባዘቶ!» አሉ ጋሽ ዓምሃ። «በኩንግፉ ትምህርት አንደኛ ስለወጣሽ ይህን የወርቅ ሽልማት...»

እንደ ክፉ ዕድል ሆኖ ፊልሙ ውስጥ ሙዚቃው ያን ጊዜ ጸጥ አለ። ከስፒከሩ የወጠጤ እንግሊዝኛ ጥርት ብሎ ተሰማ፤ «ሜሪ ሚ»፣ አግቢኝ አላት። ይህችን የማያውቅ ልጅ አገሩ ላይ የለም። ከሦስተኛው ረድፍ የታፈነ ሳቅ ተሰማ። አንዱ አንዱን በክርኑ ጎሸመው። እማማ የዓለምወርቅ ዞረው «ምን አለ? ምን አለ?» ማለት ጀመሩ።

ጋሽ ዓምሃ ዝም አሉ። በሕይወቴ ፊልም ተከፍቶ ዝም ሲሉ አይቼ አላውቅም። ክዳኑን ቀስ ብለው መሬት ላይ አስቀመጡት። አቡጀዲው ላይ ሠርጉ ተጀምሯል፣ እንግሊዝኛው ብቻውን ያወራል። አባቴን አየሁት፤ ወንበሯን እያየ ነበር። ሮጬ ሄጄ ማይኩን ልቀማቸውና የመጣልኝን ልናገር አሰብኩ፤ እሳቸው ግን ቀደሙኝ።

«ልጆች» አሉ ጋሽ ዓምሃ በማይኩ። የአባ ጥጥ ድምፅ አይደለም፣ የወጠጤም አይደለም፤ የአንድ ሽማግሌ የደከመ ድምፅ ነው። «አቁሚልኝ እስቲ፣ ሰልዬ።»

አቆምኩት።

«እኔ... ማለቴ፣ ያኔ ወንዙ ጋ ክርስትና የሚባል ነገር አልነበረም። ከራሴ ነው። አበልጅም አይደሉም፣ ምንም አይደሉም። ቋንቋውን አልችልም፤ ቻይንኛውንም፣ ይኼንንም። ይኸው ዛሬ ሊጋቡ ነው፣ እኔ ደግሞ ምርቃት ነው ብዬ ላታልላችሁ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ አታልያችኋለሁ። ይቅርታ አድርጉልኝ።»

ከልጆቹ መሀል ጀና ተነሳች። ጀና የጎረቤታችን ልጅ ናት፣ አምስተኛ ክፍል፤ ምላሷ ለኔም አይመለስም።

«እናውቃለን እኮ፣ ጋሽ ዓምሃ» አለች።

«ምኑን?»

«የመጀመሪያውን በእንግሊዝኛ በስልክ አይተነዋል። ሁላችንም አይተነዋል። አባ ጥጥ ወጠጤን ከወንዝ ያወጣው ለሻምፒዮንነት ውድድር ሰው ስለጎደለው ነው። ክርስትና የለም።»

«መቼ ነው ያያችሁት?»

«ቆየ! የዛሬ ዓመት።»

«ታዲያ... ከዚያ በኋላ እዚህ ስትመጡ የነበረው?»

ጀና ጥያቄው ሞኝነት መሰላት። «የስልኩ አያስቅማ!» አለች። «ስሙ እንኳን ወጠጤ አይደለም። እርስዎ የሉበትም።» ከኋላዋ ያሉት ሁሉ «እውነት ነው! እውነት ነው!» እያሉ ይጮኹ ጀመር።

ጋሽ ዓምሃ ማይኩን ይዘው ቀሩ። አሞኛቸዋለሁ ሲሉ የኖሩትን ልጆች አንድ በአንድ አዩዋቸው። እነዚያ ልጆች ግን ዓመት ሙሉ እያወቁ ተሞኝተውላቸዋል። እኔም ምስጢር ጠባቂ ነኝ ብዬ ስኮፈስ ነበር! መቶ ሃያ ልጅ ከኔ በላይ ምስጢር ጠብቋል። አለቀስኩ፣ አልደብቅም። ከነሳቄ አለቀስኩ።

«አሁንስ?» አሉ እማማ የዓለምወርቅ፣ ከወንበራቸው ብድግ ብለው። «ይጋባሉ ወይስ አይጋቡም? እኔ እንግሊዝኛም ቻይንኛም አላውቅም። የማውቀው ያንተን ነው፤ በዓይኔ ሲያነሳው አይቻለሁ!»

«ይንገሩን!» አሉ ልጆቹ። «ይንገሩን! ይንገሩን!»

አባቴ ከበሩ ተነስቶ በወንበሮቹ መሀል እየተጋፋ መጣ። ወንበሯን ሊያነሳ ነው አልኩ። ወንበሯ ጋ ሲደርስ ግን አልፏት ወደ እኔ ዞረ።

«ሰልዋ።»

«አቤት፣ አባዬ።»

«የፊልሙን ድምፅ አጥፊው» አለ። «ይኼ እንግሊዝኛ ሰውየውን አላሰማ አለን።»

ድምፁን ጨርሼ አጠፋሁትና ፊልሙን ከፈትኩት። አቡጀዲው ላይ አባ ጥጥ ሙሽሮቹን ሊመርቅ እጁን አንስቷል፤ አፉ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለውም። ቤቱ ሁሉ ወደ ፕላስቲኳ ወንበር ዞረ። ጋሽ ዓምሃ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ፤ ከዚያ ከየት እንደመጣ እንጃ፣ ያ የድሮው የፒያሳ ድምፅ ወጣ።

«ቁም፣ ወጠጤ! በእነዚህ እጆች ነው ያነሳሁህ! እህትህ ናት!»

እማማ የዓለምወርቅ እልልታቸውን አቀለጡት፤ ልጆቹም ተቀበሏቸው። ሠርግ ፈርሶ እልል ሲባል የሰማሁት ያን ቀን ነው።